ቢላዋ የሚሠራው መምህር

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በጠራራ ፀሐይ እንኳ እጅጌውን የማይሰበስብ አንድ የሒሳብ መምህር አለ። ክንዱን የጋለ ብረት ፍንጣሪ አቃጥሎታልና ጠባሳውን ይደብቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮው ገብቶ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቢላዋ ይሠራል። ገና ጀማሪ ነው፤ አንዱ ስለት ይጣመምበታል፣ ሌላው ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ደህና የወጣለትን ለወንዳወቅ ሰጠው። መምህሩ የአራሽ ልጅ ሆኖ ሳለ ብረት እንደሚቀጠቅጥ የሚያውቀው ይኸው ባልንጀራው ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ልጅ ለማጨት ወደ ቡሬ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

«ለቀጥቃጭ ዘር ልጃችንን አንሰጥም አሉን» አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

«ማን ነገራቸው አባቴ?»

«ወንዳወቅ ነዋ ልጄ። ቢላዋውንም ለምስክር ይዞላቸው ሄዷል።»

መምህሩን፣ ልጅቱን ከማጣቱ ይልቅ ያ ቢላዋ ከሰው ፊት መቅረቡ አንገበገበው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ብረት የሚደበድብበትን መስፍ፣ መዶሻውንና ወናፉን ከጓሮ አውጥቶ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት ደጃፉ ላይ መቀጥቀጥ ጀመረ። ረፋድ ላይ ወንዳወቅ ብቅ አለ።

«ና እንጂ» አለው መምህሩ ጮክ ብሎ፣ «እንደ ወትሮው ወናፉን ንፋልኝ።»

ወንዳወቅ መንገደኛውን ቃኘና እንደማያውቀው ሰው መንገዱን ተሻገረ።