ፎጣና ገመድ

ባለፈው የገበያ ቀን አንድ ጢሙን በቅጡ ያላበቀለ ወጣት ደላላ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ አጣዬም ደብረ ሲናም በሬ አሻሽጫለሁ» አለኝ። «እዚያ አምስት ለማለት አምስቱን ጣትህን ሰብስበው ይጨብጡሃል። እኛ ሮቢት ለምንድን ነው አውራ ጣታችንን በሰው እጅ አንጓ ላይ የምንጫነው?»

ለደላላ ምንም ነገር በነፃ መስጠት ልማዴ አይደለም። ይህን ግን በነፃ ነገርኩት። አሁን ደግሞ የምጽፈው ነገሩን በዓይናችን ካየነው ሰዎች የቀረነው ጥቂት ስለሆንን ነው።

የከብት ገበያችንን ለማያውቅ ልንገር። ሻጭና ገዢ ዋጋ አይጠራሩም። ፎጣ ከትከሻ ይወርድና እጅ ላይ ይጣላል፣ ሁለቱ እጆች ከሥሩ ይገናኛሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የጣት ሥራ ነው። አፍ ስለ ዝናብ ያወራል፣ እጅ ስለ በሬ። ቡጢ ከቀረበልህ «አልስማማም» ማለት ነው። በስንት እንደሸጥክ ጎረቤትህ አይሰማም፣ ሚስትህም የምትሰማው አንተ የነገርካትን ነው።

ጣልያን አገሩን ይዞ በነበረበት ጊዜ እኔ ከበረሃው ፍየል እያመጣሁ ሮቢት የምሸጥ ጎረምሳ ነጋዴ ነበርኩ። ወደ ደብረ ሲና ተራራውን እየበሱ መንገድ የሚያወጡት ሠራተኞች ሥጋ ይበላሉ፣ ሥጋው የሚሄደው ከእኛ ቆላ ነው። መጀመሪያ የሚገዛን አንድ ወፍራም ጣልያን ነበር። የጣቱን ቋንቋ በሦስት ገበያ ተማረው። ፎጣ ሥር እጁ ላብ በላብ ይሆናል፣ ሲያታልልም እንደ እኛው ያታልላል። በዚህ በኩል ቅሬታ አልነበረንም፤ በሌላው በኩል የነበረን ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል።

ወፍራሙ ተነሣና በምትኩ ቦት ጫማው የሚያብረቀርቅ አንድ መኮንን መጣ። ከእሱ ጋር ትእዛዝ መጣ፤ ነጭና ጥቁር አይቀላቀልም። በካሚዮን እነሱ ጋቢና፣ እኛ ከጭነቱ በላይ ከሆንን ሰንብተናል። አሁን ደግሞ ገበያው መሃል ችካል ተተከለና ገመድ ተወጠረ። አስተርጓሚው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«አገሬው ከገመዱ ወዲያ ይቁም። ዋጋውን በአፉ ይጥራ። የነጭ እጅ መንካት ክልክል ነው።»

በዚያ ገመድ ላይ አሻግሮ ዋጋ የጠራ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ። ድርቅ ነበር፣ ፍየሎቼ አጥንታቸው ወጥቷል። ጮኬ ሸጥኩ፣ ደህና ዋጋም አገኘሁ።

ገንዘቤን ይዤ ሌላ ፍየል ልገዛ ወደ ታላቁ ደላላ ሄድኩ። እኚህ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው የሚታጠቁ፣ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ፤ በዚያ ሜዳ ከእሳቸው ፎጣ ሥር ሳያልፍ ባለቤት የቀየረ በሬ አላውቅም። እጄን ዘረጋሁ። ፎጣቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱት።

«ምነው ጋሼ?»

«አንተ በአፍህ የምትነግድ ሰው ሆነሃል። እጅህን ምን ታደርግበታለህ?»

«ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነው፣ ጋሼ።»

«ነው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው» አሉ፣ ሰው እንዲሰማ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «እጃችን ቢነካው የሚቆሽሽ ሰው፣ በዚሁ እጅ ያደገች ፍየል ሆዱ ስትገባ ምን ሊሆን ነው?»

የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በእኛ ገበያ እጁን የማይቀበሉት ሰው ነጋዴ አይባልም፣ ፍየል የሚጠብቅ ሰው ነው። እጄን እንዴት እንደማስመልስ አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው ያን ቀን እስከ አስር ሶላት ድረስ ሲሠሩ ዋሉ። አንዱን ይጠሩታል፣ ፎጣውን ያለብሱታል፣ ስለ ዝናብ ያወሩታል፣ ይለቁትና ሌላውን ይጠራሉ። አስካሪዎቹ፣ ለጣልያን ያደሩት ጥቁር ወታደሮች፣ በሁለት እርምጃ ርቀት ቆመው ይሰማሉ። የዘገየ ዝናብ ነው የሚሰሙት። ያን ቀን አንድም ከብት እንዳላሻሻጡ የገባኝ ቆይቶ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ቡጢ ይሰጡትና ዓይናቸውን ወደ ገመዱ ይመልሱ ነበር። የተቀበለው ለጓደኛው አቀበለ፣ በአጣዬ መንገድ ሄደ፣ በረሃው ገባ። ለእኔ የሰጠኝ አልነበረም።

በሳምንቱ ሜዳው በከብት ሞላ። መኮንኑ ገመዱን አስወጥሮ አንድ ቀይ በሬ አስጠየቀ። ባለ በሬው እስከ ገመዱ ቀረበ፣ ፎጣውን ክንዱ ላይ ጣለ፣ እጁን አሻግሮ ዘረጋና ቆመ።

«በአፍህ ተናገር» አለው አስተርጓሚው።

«ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ» አለ ባለ በሬው።

ሁለተኛው ቀረበ፣ እሱም እጁን ዘርግቶ ደመናው እንደማያስተማምን ተናገረ። ሦስተኛው ስለ ማሽላው ስጋት ነበረው። አስተርጓሚው ሁሉንም አንድ በአንድ ተረጎመ። መኮንኑ ያን ጠዋት ስለ ይፋት ዝናብ ብዙ ተማረ።

ሞኝ አልነበረም። ይህን ያስተማረ ማን እንደሆነ አስጠየቀ። ሽማግሌው ማንም ሳይጠቁማቸው ወጡ።

«እኔ ነኝ። የሚገዛንን ሰው እጁን እንጨብጣለን። የማይጨበጥ አይገዛም፣ ይኸው ነው።»

መኮንኑ ከፊት ያሉትን በሬዎች አስካሪዎቹ እንዲነዱ አዘዘ።

«ንገረው» አሉ ሽማግሌው ለአስተርጓሚው። «ዛሬ ይንዳ። በሚቀጥለው ገበያ የሚነዳው ገመዱን ብቻ ነው።»

አስተርጓሚው እንዳለ ተረጎመው።

ገመዱን ራሱን ከችካሉ ፈቱና የቀኝ እጃቸውን አንጓ ጠፍረው፣ ደረታቸው ከፍታ ላይ ገበያው ዳር ካለው ግራር ግንድ ጋር አሰሯቸው። ገበያው እንዲያያቸው ተባለ። የሮቢትን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከእሳቸው ፈንጠር ብሎ አንድ አስካሪ ጠመንጃውን ይዞ ቆመ።

እግሮቼ ሳያማክሩኝ ሄዱ። ፎጣዬን ከትከሻዬ አውርጄ የታሰረው እጃቸው ላይ ጣልኩና እጄን ከሥሩ አስገባሁ።

«ዝናቡ ዘገየ፣ ጋሼ» አልኩ።

«ያንተን ያህል አልዘገየም» አሉኝ።

ጣቶቻቸው አብጠዋል፣ ግለዋል። ለአንድ ወይፈን ዋጋ ሰጠሁ፤ ወይፈኑ የማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ቡጢ ሰጡኝ። ታስረውም ዋጋ ያስጨምሩኛል። ጨመርኩ፣ ያን ጊዜ ጣቴን ያዙኝ።

ከኋላዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ባለ ቀዩ በሬ ነበር፣ ፎጣውን ይዞ። ከእሱ ኋላ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። የዚያን ቀን ገበያ ሁሉ በዚያ ግራር ሥር ሄደ።

«ምንድን ነው የምትሠሩት?» አለ አስካሪው።

«ገበያ ነው፣ ወንድሜ» አልኩት። «ጥቁር ጥቁርን አይንካ የሚል ትእዛዝ ደርሶሃል?»

አልደረሰውም። መኮንኑ መሃላችን ቆሞ ቀረ፤ ከእኛ የሚለየው ገመድ ሥራ ይዞ ነበር። ካሚዮኑ ሳይጨልም ዳገቱን መውጣት ስላለበት ወደ አስር ሰዓት ፈቷቸውና ሄዱ። ገመዱ እኛው ጋ ቀረ። ደህና ገመድ ነበር፣ ብዙ ፍየል አሰርኩበት።

በቀጣዮቹ ሁለት ገበያዎች ሜዳው ላይ የተገኘው ዶሮ ብቻ ነው። ከብቱ ሁሉ በረሃ ገባ፣ ተራራው ላይ ያሉት ባቄላ በሉ። ሊፈልጉት የተላኩትም ከግራርና ከአቧራ በቀር ያገኙት የለም። በሦስተኛው ገበያ መኮንኑ አልመጣም። የመጣው ወፍራሙ ነው፣ ያለ ገመድ፣ እጅጌውን ሰብስቦ። ሽማግሌው በግራ እጃቸው ፎጣውን አለበሱት፣ ስለ ዝናብ ረጅም ወሬ አወሩት፣ መጀመሪያም ቡጢ ሰጡት። በስንት እንደገዛ ፎጣው ያውቃል። ጋቢናው ውስጥ አላስገቡንም፣ ሌላውም ክልከላ ከአገር እስኪወጡ ድረስ ነበር። ከብት ገበያችን ላይ ግን ገመድ ዳግመኛ አልተወጠረም።

የሽማግሌው የቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች ከዚያ ወዲያ አልታጠፉም። አምስቱን ሰብስበው መጨበጥ ስላቃታቸው፣ አምስት ለማለት አውራ ጣታቸውን አንጓህ ላይ ይጫኑ ነበር፣ እሳቸውን ገመዱ የያዘበት ቦታ ላይ። መጀመሪያ ለእሳቸው ብለን ተቀበልን። ከዚያ እርስ በርሳችንም እንዲያ ማድረግ ጀመርን። እሳቸው ካረፉ በኋላ ወደ ድሮው የተመለሰ የለም፤ አላህ ይዘንላቸው።

ወጣቱ ደላላ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ ፎጣውን አወረደ፤ ሙያው ነውና ለገበያ ያመጣኋትን የጊደሬን ዋጋ ጠየቀኝ። አምስት ሊለኝ አውራ ጣቱን አንጓዬ ላይ ላላ አድርጎ አሳረፈ።

«ጠበቅ አድርገው» አልኩት።

ጠበቅ አደረገው። እኔም ቡጢ ሰጠሁት፣ ዋጋው አልበቃኝም።