ወንዝ ማዶ የሚቆመው አውቶቡስ

ለንደን ውስጥ በሙያዬ ሥራ የጀመርኩት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ገና መግባታቸው ነበር። አዲስ አበባ ካርታ ነዳፊ ነበርኩ። በስደት ከመጣሁ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ብሪክስተን ገበያ የአትክልት ሣጥን ስሸከም ከረምኩ። ስለዚህ የመንደፊያው ጠረጴዛ ፊት ስቀመጥ የቀለም ብዕሩን፣ ማስመሪያውን፣ ሥሩን የሚያሳየውን የመገልበጫ ወረቀት፣ ትሬሲንግ ፔፐሩን፣ አንድ በአንድ ነካካሁ። ሁሉም የማውቀው ነው!

ቢሮው ትንሽ ነው። ስለ ሕንድ የገጠር መንደሮች መረጃ እያዘጋጀን ለእርዳታ ድርጅቶች እንሰጣለን። ለአንድ መንደር አንድ ገጽ፤ ከላይ በሠንጠረዥ የሕዝቡ ብዛት፣ ከሥሩ መንገዱ፣ አውቶቡሱና ባቡሩ፣ በጎን ደግሞ እኔ የምነድፈው ካርታ። የክፍል ኃላፊዬ ሄለን የምትባል ቁጥብ እንግሊዛዊት ነበረች።

«ሠንጠረዡ የሚመጣው ከሕዝብ ቆጠራው መጽሐፍ ነው። ከራስህ ምንም አትጨምር» አለችኝ በዚያው ቀን።

በሦስተኛው ወር ምዕራብ ሕንድ ካለው ከጉጃራት ግዛት አንድ መንደር ደረሰኝ። አንድ ድርጅት ወላዶችን ሐኪም ቤት የሚያደርስ መኪና ነበረው፤ ከሁለት መንደሮች ለአንዱ ሊሰጥ ነው። የእኔ መንደር ሠንጠረዥ አውቶቡስ ማቆሚያው በእግር የሚደረስ ቅርብ ነው ይላል። በዚህ ከሄደ መኪናው ለሌላው መሆኑ ነው። ካርታውን ስነድፍ ግን መንደሩ ከወንዙ ወዲህ፣ አስፋልቱ ከወንዙ ወዲያ ሆነብኝ። ድልድይ ብፈልግ የለም።

«ሄለን፣ ይሄን ቼክ እናድርግ» አልኳት።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ውሳኔው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ማስረጃ ካለህ አምጣ።»

ያን ጊዜ ዌምብሊ በሚባለው የለንደን ሰፈር ሱሪ የምታሳጥርልኝ ልብስ ሰፊ፣ ኡሻ፣ ትዝ አለችኝ። የጉጃራት ሰው መሆኗን አጫውታኛለች። ከሥራ እንደወጣሁ ባቡር ይዤ ሄድኩ። የመንደሩን ስም ስጠራላት መቀሷን አስቀመጠች።

«አክስቴ እኮ የተዳሩት እዚያ ነው! ሊጠይቁን መጥተው ፎቅ ላይ ናቸው!»

አክስቷ ነጭ ሳሪያቸውን እየሰበሰቡ ወረዱ። ኡሻ አስተረጎመችን።

«እማማ፣ አውቶቡስ ለመያዝ በየት ነው የሚሄዱት?»

መልስ ከመስጠታቸው በፊት የልብስ ሰፊ ጠመኔ አነሱና ጠረጴዛው ላይ ወንዙን አሰመሩት። የነደፍኩት ወንዝ ራሱ ነው፤ ጥምዝምዙ እንኳ አልጎደለም!

«በበጋ እዚህ ጋ በእግራችን እንሻገራለን» አሉ። «ክረምት ሲሆን ይሞላል። በዚህ በኩል ዞረን፣ ትራክተር ላይ ተጭነን፣ ጠዋት የወጣን ከሰዓት ነው የምንደርሰው። ምራቴ የወለደችው ትራክተሩ ላይ ነው።»

«ልጁስ?» አልኩ።

«የእኛው ተረፈ። የጎረቤታችን ግን አልተረፈም።»

ትሬሲንግ ፔፐሬን ዘርግቼ የጠመኔውን መስመር ገለበጥኩ። ወደ ቤት ስመለስ ባቡሩ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ፤ ቆሜ ሄድኩ።

በማግስቱ ወረቀቱን ሄለን ፊት ዘረጋሁት። ደጋግማ አየችው።

«የአንዲት ሴትዮ ቃል ነው» አለች።

«የሚኖሩበት መንደር ነው» አልኳት።

ስልኩን አንስታ ሕንድ ላሉት ባልደረቦቻችን ደወለች። እነሱም ሰው ልከው እንደሚያጣሩ ነገሯት። ሐሙስ ጠዋት ፋክሱ መንጫጫት ሲጀምር ሁላችንም ከወንበራችን ተነሳን። ወረቀቱ ላይ ያለው አጭር ነው፦ ድልድይ የለም፤ በክረምት መሻገር አይቻልም።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ሄለን «ቀይረው! ቶሎ ቀይረው!» ብላ ጮኸች።

የአውቶቡሱን ዓምድ ለሁለት ከፈልኩት፤ በጋ እና ክረምት። ሌላው መንደር ከአውቶቡስ ማቆሚያው ራቅ ቢልም ዓመቱን ሙሉ የማይዘጋ መንገድ ስለነበረው መኪናው ለእኛው መንደር ተሰጠ። ዜናውን በስልክ ስነግራት ኡሻ ወደ ፎቁ ስትጣራ ሰማኋት፤ የአክስቷም እልልታ ተከተለ።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብዙ መንደር ነድፌአለሁ። ለጀማሪዎች የምላቸው ይህን ነው፦ ርቀት ስትጽፉ ወቅቱንም ጻፉ።