ተናኘወርቅና ድምፁን ያጠፋው ቫይረስ

ተናኘወርቅ ቸሩ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ተምራ ወደ ሞላሌ ስትመለስ የበግ አርቢዎች ማኅበራችን ሁለተኛ ኮምፒውተሩን ገና መግዛቱ ነበር። የሚሌኒየሙ በዓል ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። የየመንደሩ አውራ በግ የዘር ሐረግ፣ የትኛው ለየትኛው መንደር እንደሚሰጥ ሳይቀር፣ እዚያ ውስጥ ነበር። እሷ ያንን እንድትጠብቅ ተቀጠረች፤ እኔ አጠገቧ ጸሐፊ ነበርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ አቁመን ስንጨዋወት ዐይኗ ኢንተርኔት በምናገኝበት ሞደም ላይ ቀረ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።

«ኢንተርኔት የከፈተ ሰው አለ?» አለች።

ማንም አልከፈተም። ተነሥታ ነቀለችው።

ሰብሳቢያችን አቶ ወልደ አማኑኤል ገረማቸው። «ምነው ልጄ? ኮምፒውተሩ ደህና እየሠራ አይደል? ጸረ ቫይረሱም ምንም የለም ይላል።»

«እሱ ነው የሚያሰጋኝ፣ ጋሼ። አንዳንዱ ቫይረስ ምንም ሳያበላሽ ተደብቆ ይኖራል። የምንጽፈውን እያየ ወደ ውጭ ይልካል፣ ፍላሽ ስንሰካ አብሮ ይሻገራል። ኮምፒውተሩን ብንጠይቀው ደግሞ እሱ ራሱ መሐል ገብቶ ‹የለም› ያስብለዋል።»

ስለዚህ ኮምፒውተሩን እንደ ወትሮው አላስነሣችውም። ደብረ ብርሃን ወርዳ ከንጹሕ ኮምፒውተር ባዘጋጀችው ሲዲ አስነሥታ ውስጡን ፈተሸች። አገኘችው! የፕሪንተር ፕሮግራም ስም ተውሶ፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ እየተነሣ ይሠራ ኖሯል። ሁለተኛውም ላይ ነበር።

ሠራተኛው ሲሰበሰብ የመስክ ባለሙያው ጌጡ ተነሣ። «እኔ ሳልሆን አልቀርም። ፎቶ ኮፒ ቤት የሰካሁትን ፍላሽ እዚህ አምጥቼ ሰክቻለሁ።»

ከሥራ ይባረራል ብዬ ነበር።

«ስለተናገርክ እግዜር ይስጥህ» አለችው ተናኘወርቅ። «በየት እንደገባ ካላወቅን ነገ ተመልሶ ይገባል። ዝም ብትል ኖሮ ያኔ ነበር የምንጎዳው።»

የዘር ሐረጉን በሲዲው በኩል ቀድታ አወጣች፤ በሁለቱም ኮምፒውተር ላይ ያለውን ሁሉ ደምስሳ ፕሮግራሞቹን እንደ አዲስ ጫነች፤ የይለፍ ቃሎቻችንን ሁሉ አስቀየረች። ከዚያ ወዲህ የውጭ ፍላሽ በቅድሚያ ከምንም ጋር ባልተገናኘ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይፈተሻል። በየዕለቱ በምንሠራበት የተጠቃሚ ስም ገብቶ አዲስ ፕሮግራም መጫን አይቻልም። የፕሮግራም ማሻሻያ ሲወጣ ሳይውል ሳያድር ይጫናል። የመረጃው ቅጂ በየሳምንቱ በተለየ ዲስክ ይወሰድና ዲስኩ ተነቅሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። የጠረጠረ ወዲያው ይናገራል፤ የተናገረ አይወቀስም። አንዳንዶቻችን መጀመሪያ ላይ አጉረመረምን፤ አቶ ወልደ አማኑኤል ግን የራሳቸውን ፍላሽ ለፍተሻ ሲያቀርቡ እኛም ፍላሻችንን ይዘን ተሰለፍን።

በዓመቱ የራቤል በግ አርቢዎች ይህንኑ አሠራር እንዲማሩ ሰዎቻቸውን ወደ እኛ ላኩ። አቶ ወልደ አማኑኤል በር ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸውና ደረታቸውን ነፍተው ተናኘወርቅን እያሳዩ፣ «ይቺ ናት ልጃችን፤ እዚሁ ሞላሌ ያደገች» አሏቸው። እኔም ኮራሁ፤ ወንበር የማቀርበው እኔ ነኝ ብዬ ሮጥኩ።