ግንባሯ ላይ የተለጠፈው ብር

አሰበ ተፈሪ መውጫ ላይ የሾፌሮች ምግብ ቤት የነበራትን ጣሊያናዊት ከተማው «ሲኞራ» ይላት ነበር። ጋዜጣዬ በሃምሳዎቹ ዓመታት ወደ ሐረርጌ በላከኝ ቁጥር እሷ ዘንድ እበላ ነበር። ታሪኳን በቁርጥራጭ ነገረችኝ። ላረጋግጠው አልቻልኩም፤ የሰማሁትን እንደሰማሁት እጽፋለሁ።

በአገሯ የኦፔራ ዘፋኝ ነበረች፤ ሶፕራኖ፣ ከሴት ድምፆች ከፍተኛው። ከትንንሽ ሚና ተነሥታ ለዋና ሚና በበቃችበት ዓመት ከአንድ ቡድን ጋር አሥመራ መጣች፤ እዚያም የከባድ መኪና ሾፌር አገባች። ከጦርነቱ በኋላ ባሏ አሰበ ተፈሪ ጋራዥ ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ወባ ገደለው፤ እሷም ፓስታ መቀቀል ጀመረች። በአማርኛዋ ወንዱ ሁሉ «አንቺ» ነው።

«አንቺ ብዙ ትጠይቂያለሽ፣ ትንሽ ትበያለሽ» ትለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ከአንድ የቴአትር ቤት ኃላፊ ጋር በመኪናው ከአዲስ አበባ ወደዚያው ሄድኩ። ሰውየው ለወጣቶች ድምፅ የሚያስተምር ሰው ይፈልግ ስለነበር ስለ ሲኞራ ነገርኩት። ሰምቶ ከወደዳት ይዟት ሊመለስ ተስማማ፤ ስንደርስ ይህንኑ ነገርኳት። በአውራጃው ገዥ የምሳ ግብዣ ላይ እንድትዘፍን ተፈቀደላት።

ያለ ሙዚቃ መሣሪያ ብቻዋን ቆማ ጀመረች።

«ማን ሞቶባት ነው?» አለ ከኋላዬ አንድ አስተማሪ።

«ፓስታው አርሮባት ይሆናል» አለው ጓደኛው።

እየቆዩ ግን እነሱም ዝም አሉ። ድምፅዋ እየወጣ ሄዶ ወደ መጨረሻው ከፍታ ሲቃረብ አንድ የሂርና ጫት ነጋዴ ተነሣ። ደህና አድርጎ የዘፈነ ሰው እንደሚሸለመው ሊሸልማት፣ አዲስ ብር በምራቁ አርሶ ግንባሯ ላይ ለጠፈላት።

ዓይኗን ጨፍና ነበር። ደንግጣ ወደ ኋላ ስትል ብሩ ወደቀ፤ ረገጠችው። ብሩ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል አለ።

የፖሊሱ መቶ አለቃ ብድግ አለ። «ጃንሆይን ረገጠች።»

«ወላሂ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁባት» አለ ነጋዴው። «ተዋት ጌታዬ። አላየችም፣ ላከብራት ብዬ ነው።»

መቶ አለቃው ክንዷን ሲይዝ ሲኞራ በትዕግሥት አየችው። «አንቺ፣ ቆዪ። ገና አልጨረስኩም።»

ማንም አልሳቀም።

ፖሊስ ጣቢያ ወሰዳት፤ እኔም ተከትዬ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። የተቀመጥኩበትን፣ ያየሁትን፣ ዓይኗ ተጨፍኖ እንደነበር ተናገርኩ። ከነጋዴው ቃል ጋር ስለገጠመ ያኔውኑ ተለቀቀች። በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው መኪና ውስጥ ሲገባ ነፃ መሆኗን ነገርኩት።

«ሰምቻለሁ» አለ። «ድምፅዋም ድንቅ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ በሕይወቴ አልሰማሁም። ግን በጃንሆይ ጉዳይ ጣቢያ የገባች ሴት ይዤ ብሄድ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ቢያንስ ራስዎ ይንገሯት።»

ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ምግብ ቤቱ ጋ ስንደርስ ሾፌሩ እንደ ሾፌሮች ሁሉ ልማድ ፍጥነት ቀነሰ። ካፖርቷን ለብሳ፣ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ ደጅ ቆማለች። መኪናውን ስታይ ፀጉሯን አስተካከለች።

«ንዳው» አለ ኃላፊው። «ቁርስ ሚኤሶ እንበላለን።»