ከግራና በላይ የታየው ጭስ

የአንድ ሰው ዕድሜ ነድዶ ሲያልቅ ምን ይተርፋል? ኡበይደላን ቢጠይቁት ኖሮ «እንደ እንጨቱ ነዋ፤ ግራር ከሰል ይተዋል፣ ቁልቋል አመድ» ብሎ ይስቅ ነበር።

ከግራና ከተማ በላይ ባለችው መንደር የሚኖር፣ ስልሳን ያለፈ ገበሬ ነው። በበጋ ከሰል እያከሰለ መርሳ ገበያ ያወርዳል፤ ክረምት ሲገባ ያርሳል። የ2013 ክረምት ግን ይህን ልማድ አፈረሰበት። ጦርነቱ ወልዲያን አልፎ ወደ እነሱ ወረዳ ወደ ሀብሩ ወረደ፤ መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። ገበያ ግን ጦርነት መጣ ብሎ አይሞትም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ። መርሳ ላይ ሸዋዬ የምትባል ነጋዴ ከሰል ላመጣላት ሁሉ ማሽላ ትለውጥ ጀመር። የኡበይደላ ጎተራ ባዶ ነበር። ሚስቱ ሀስና ከነሕመሟ ጎመን ብቻ በልታ ታድራለች።

ስለዚህ በሬዎቹን ሲያሳርፍበት የኖረውን ግራር ቆረጠ። እንጨቱን ከምሮ ቅጠልና አፈር አለበሰው፤ ለኮሰውና አጠገቡ ተቀመጠ። የተለኮሰ ክምር ጥለውት አይሄዱም። በአንዲት ስንጥቅ አየር ከገባ፣ ውስጥ ውስጡን ሲበስል የነበረው ነድዶ አመድ ይሆናል።

ነጭ ጭስ እንደ ክር ወደ ላይ ወጣ። በውርጌሳ በኩል መድፍ ያጉረመርማል። ልጆቹን ገደል ሥር የደበቀው ጎረቤቱ ዓሪፍ እየሮጠ መጣ።

«አባ ኡበይደላ፣ ከሰል ነው የሚያከስሉት ወይስ እኛን?»

ሽማግሌው አልተቆጣም። ጭስ ካለ ሰው አለ፤ ተዋጊዎቹ አይተው ገበሬ ነው ብለው ያልፉናል ሲል መለሰለት። ከልቡ ነበር። አገሩ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ መንገደኛ ውሃ የሚጠይቀው ጭስ አይቶ ነው።

«መድፍ ተኳሾቹ የሚያዩን ከሩቅ ነው» አለ ዓሪፍ። «ከሩቅ ጭስ ሁሉ አንድ ነው።»

ይህን ሲባባሉ ከማዶ ሸንተረር ላይ የመድፍ ጥይት ወደቀ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። የመንደሩ ሰው ዶማ ዶማውን ይዞ ወጣ። ኡበይደላ ክምሩ ፊት ቆመ። ከከፈታችሁት ይነድዳል፤ አፈር እንጨምርበት፣ ታፍኖ ይጠፋል ብሎ ለመናቸው። ፍርሃት ግን ጆሮ የለውም። የፈራ ሰው የሚያስፈራውን ማግኘት ሲያቅተው ፊቱ ያለውን መምታት ያምረዋል። ዓሪፍ የሽማግሌውን ክንድ ይዞ ወደ ዳር አደረገው፤ በጭካኔ አልነበረም፣ አባቱን ከበሬ ቀንድ እንደሚያሸሽ ልጅ እንጂ። ከዚያ ዶማው አረፈ።

ክምሩ ተሰነጠቀ። አየር ያገኘው ፍም ቦግ አለ፤ ቅድም እንደ ክር የነበረው ጭስ አሁን እንደ ዋርካ ተንሰራፍቶ ወጣ። ሁሉም ዶማውን ጥሎ ማሳው ውስጥ በሆዱ ተኛ። ከሰማይ የሚመጣውን ይጠብቃሉ።

ኡበይደላ ብቻውን በእጁ አፈር እየዛቀ እሳቱ ላይ ይደፋል። ጣቶቹ ተቃጥለዋል። ሁለት ሦስት ሰው ቢነሣ ጭሱም ይታፈን፣ የሀስና ማሽላም ይተርፍ ነበር። ዞር ሳይል፣ ድምፁንም ከፍ ሳያደርግ፣

«ወንድሞቼ፣ ለአላህ ብላችሁ፣ አፈር አቀብሉኝ» አለ።

ከተኛበት የተነሣ አልነበረም።