በስልክ የገዛሁት ቀይ ከፋይ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ጥፊ ቀመስሁ።

ደብረ ማርቆስ፣ ከገበያው በላይ ባለ በረንዳ ላይ፣ ካባና የቤተ ክርስቲያን ጥላ የሚሰፉት አያ ምትኩ ተቀብለውኝ ነበር። መርፌ ይሰጡኛል ብዬ እጄን ብዘረጋ ቁራጭ ቀይ ከፋይ ጨርቅ አስያዙኝ።

«ዓይንህን ጨፍን። በመዳፍህ ወደ ኋላ ሳበው። ምን አለህ?»

«ምንም አላለኝ።»

«እንግዲያው ጣትህን በምራቅ አርስና ጥጉን እሸው። ከዚያ ጣትህን በነጭ ጨርቅ ጥረግ።»

እኔ ከጥግ መሐል ይበልጣል፣ ከቁራጭም ሙሉው ይሻላል ብዬ፣ ለአንድ ትልቅ አባት ካባ የተቆረጠውን መሐል ለመሐል በምራቅ አሸሁት። ጥፊው ያን ጊዜ መጣ። ያ ጥፊ ዲፕሎማዬ ነው፤ ሌላ የለኝም።

ጥሩ ከፋይ ወደ ኋላ ሲስቡት እንደ ተቆጣ ድመት ይቋቋማል፤ ጸጉሩ እጅ ላይ አይቀርም፣ ቀለሙም ምራቅ አይፈራም። አያ ምትኩ እጃቸው ያልነካውን ጨርቅ አይገዙም ነበር። ነጋዴዎቹ «ያ ተፊው መጣ» እያሉ ደህናውን ጣቃ ያወርዱላቸዋል። እሳቸው ሲያርፉ የስፌት መኪናቸውን፣ መቀሳቸውንና ስማቸውን ወረስሁ። ዛሬም ገበያ ብትጠይቁ ስመኘው ሲባል የሚያውቀኝ የለም፤ «ተፊው» በሉ፣ ሕፃን ሳይቀር ያደርሳችኋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ዕውቀት ያለው ሰው፣ በስተርጅናው፣ ከፋይ በስልክ ገዛ። ሳቁ፤ እኔ ስቄ ጨርሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሮብ ገበያ እማማ ትሁኔ መጡ። ልጃቸው በጠና ታሞ ሳለ፣ ቢድንላቸው ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋ ድባብ ሊሰጡ ተስለው ኖሯል። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ያ የዳነው ልጅ ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው።

«ስመኘው፣ ቀይ ከፋይ አርግልኝ» አሉኝ። «ቀለሙን ሰው ይየው፤ ለእኔ እጄ ይበቃኛል። ብቻ ለጥምቀት ይድረስ። ለከርሞ መኖሬን እንጃ።»

«ይደርሳል እማማ» አልሁ። አፌ ሁልጊዜ ከእጄ ይቀድማል።

ከፋይ የሚያመጣልኝ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ የሞባይል መሸጫ አድርጎታል። ልጠይቀው ብሄድ አንድ የስልክ ቻናል አሳየኝና ወደ ደንበኞቹ ዞረ። «ሐር በደጅዎ» ይባላል። ቀዩ ከፋይ ወንበር ላይ ተጥሎ፣ መብራት በርቶለት፣ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ብታምኑም ባታምኑም፣ መነጽሬን አድርጌ የፎቶውን ከፋይ በመዳፌ ወደ ኋላ ሳብሁት። ልስልስ አለኝ። መስተዋት ምን ሊል ኖሯል!

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ቤተሰብ ደኅና?» ብዬ ጻፍሁ።

የመጣልኝ መልስ «ከለር?» የሚል ነበር።

እዚያ ላይ መተው ነበረብኝ። ቤተሰቡን ደኅና ነው ለማለት የሚሰስት ሰው ደኅና ከፋይ ከየት ያመጣል? ግን አዘዝሁ፤ ከፈልሁም።

ዕቃውን ያመጣልኝ ሙሉሰው ነው፤ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ረዳት፣ የከተማው ሰው ሁሉ አደራ በእጁ የሚያልፍ። ጥቅሉን እፊቱ ፈታሁት። በመዳፌ ብስበው ጸጉሩ እጄ ላይ ቀረ። በምራቅ አሸሁትና ጣቴን በነጠላዬ ጫፍ ብጠርግ፣ ቅርጫ ስከፋፈል የዋልሁ መሰልሁ።

«ጋሼ፣ ታመመ እንዴ ጨርቁ?» አለኝ ሙሉሰው።

«ሞቶ ነው የመጣ።»

ለሻጩ ጻፍሁ። «ፋዘር፣ ኦሪጅናል ነው» አለኝ።

«ልጄ፣ ጸጉሩ ረገፈ።»

«የአያያዝ ጉዳይ ነው።»

«ቀለሙም በምራቅ ለቀቀ።»

«ምራቅ? ተፉበት እንዴ? የተተፋበት ዕቃ አይመለስም ፋዘር!» ብሎ፣ በሳቅ እንባው የሚፈስ ቢጫ ፊት ላከልኝ። ከዚያ በኋላ ብጽፍ፣ ብደውል፣ መልስ የለም። በእኛ ዘመን አጭበርባሪ እንኳ ወግ ነበረው፤ ቢያንስ ሲያይህ መንገድ ይቀይራል። ይኸኛው መንገድ የሚቀይርበት እግርም የለው።

ጥምቀት እየቀረበ ነው። እማማ ትሁኔ ዓይን ቢኖራቸው ያን የሞተ ጨርቅ በመብራት አሞኛቸው ይሆናል። ለእጃቸው ግን ምን ልስጠው?

በአገራችን ተበዳይ በዳዩን መንገድ ላይ ቢያገኘው «በሕግ አምላክ!» ይለዋል። ከተባለ ወዲያ በዳይ እግሩን አያነሣም፤ አላፊ አግዳሚውም ቆሞ ያያል፣ ይፈርዳል። ቻናሉ ላይ ደግሞ ሰው እንደ ገበያ ይተላለፋል። ስለዚህ የቀላውን ነጠላዬን ፎቶ አነሣሁና በየሥዕሉ ሥር «በሕግ አምላክ!» እያልሁ ለጠፍሁ። በመጋረጃው ሥር፣ በአልጋ ልብሱ ሥር፣ «መልካም ቀን» ባለበት ሳይቀር።

መጀመሪያ የቆመው ሰው «አሜን» ብሎ አለፈ። የዛሬ ሰው የእግዜር ስም ካየ ሳያነብ አሜን ይላል። ቀጥሎ አንዲት ሴት «የኔም መጋረጃ ግድግዳዬን አቅልቶብኛል» ብላ ቆመች። ሌላው መጣ። ችሎት ሞላ።

ስልኬ ጮኸ።

«ፋዘር፣ እባክዎ ያጥፉልኝ። ደንበኛ እያባረሩብኝ ነው።»

«ማን ልበል?»

«ናቲ።»

«የማን ልጅ?»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ዋስህን ልጠይቅበት ነዋ።»

«ዋስ? ኦንላይን እኮ ነው ፋዘር! ሌላ ከፋይ እልክልዎታለሁ አልሁ፤ አለቀ።»

«ያንተ ‹አለቀ› እኔ ዘንድ ገና ምኑም አልተጀመረ። እኔንም አንተንም የሚያውቅ አንድ ሰው ጥራ።»

ፈለገ፤ ፈለግሁ። ያን ሁሉ ተከታይ ሰብስቦ አንድ ዋስ አጣ። በመጨረሻ «ያ ዕቃ የሚወስደው ልጅስ?» አለኝ።

ሙሉሰው ሲሰማ ዘለለ። «ጋሼ፣ እኔ ዕቃ እንጂ ጣጣ አልጭንም!»

«የእማማ ትሁኔ የስለት ዕቃ ነው።»

«የስለት ነው? ውሸት ሆኖ በእኔ መኪና ከተጫነማ ዓባይ በረሃ ላይ ጎማ ይፈነዳብኛል። ምን ላርግ?»

«ሂድና ትፋበት።»

አዲስ አበባ እንደደረሰ በናቲ ሱቅ በር ሆኖ ደወለልኝ፤ በስልኩ መልኩም ይታየኛል። ጣቱን አርሶ የመጀመሪያውን ጣቃ አሸና በነጭ ጨርቅ ጠረገ።

«ኧረ ወንድሜ፣ ምንድን ነው የምታደርገው!» ይላል ናቲ ከጀርባ።

«ቀላብኝ ጋሼ።»

«ሌላ በለው።»

ሌላውም ቀላ። ሙሉሰው ምራቁ ደርቆ ውሃ ጠየቀ። ያን ጊዜ ናቲ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሠራተኛው «ከላይ ያለውን አውርድለት» ሲል ሰማሁት። ከላይ ያለው ወደ ኋላ ሲሳብ ተቋቋመ፤ ጣቱም ነጩን ጨርቅ አላቀላም።

ለካ ደህናውን ያውቀዋል! ለሚነካ ሰው ከላይ አስቀምጦ፣ ለሚያይ ሰው ከታች ይሸጣል። አላዋቂ ቢሆን ምሬው ነበር። አዋቂውን ታረቅሁት እንጂ አልማርሁትም። ዕርቅ ከሆነ ክስ ይነሣልና የለጠፍሁትን አጠፋሁ። ናቲ «የሴትዮዋንስ?» ቢለኝ፣ «ለእሷ መጋረጃዋን ቀይርላትና ራሷ ታንሣው» አልሁት።

ከፋዩን ሙሉሰው በጉልበቱ ላይ አድርጎ አመጣው። ቆረጥሁ፣ ገጠምሁ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አደረግሁለት። የጥምቀት ዋዜማ ሳይደርስ እማማ ትሁኔ ከልጃቸው ጋር መጡ። ድባቡን ዘርግቼ እጃቸው ሥር አቀረብሁት።

መዳፋቸውን አሳረፉበት። ወደ ፊት ዳሰሱት፣ ወደ ኋላ ሳቡት። ከዚያ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው እሽት! ጥጉን አይደለም፤ መሐል ለመሐል።

እጄ ተነሣ። የአያ ምትኩ እጅ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። አየር ላይ ካየሁት በኋላ ጢሜን አከክሁበት።

እማማ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ጫፉን ወደ ልጃቸው ዘረጉ።

«ቀላ?»

«አልቀላም እማ።»

«እንዲያ ከሆነ ውሰደው» አሉ።

ለናንተ ለወጣት ሰፊዎች የምለው ይኸው ነው። ከፋይ በእጅ ይገዛል። እጃችሁ ካልደረሰ የሚነካላችሁ ዋስ ያዙ።