የክት ሳህኖች

ዊልዳ ፕሩዊት እነዚያን ሳህኖች ዕድሜ ልኳን ያስቀመጠችው ለማን ነበር? ለእንግዳ እንዳይባል፣ በእነሱ የበላ እንግዳ የለም። ለልጇ እንዳይባል፣ ልጇ ሳህኖቹ የሚቆለፉበትን የቁም ሣጥን ቁልፍ ነክታው አታውቅም። ይህን የሚመልስ ሰው አልተገኘም፤ ዊልዳ ራሷም ብትሆን።

አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ የጎማ ፋብሪካዋ በተዘጋባት ትንሽ ከተማ ነው የኖረችው። ባሏ ሃርላን ከዚያው ፋብሪካ በሚያገኘው የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ጠርዛቸው በወርቅ የተቀለሙትን ሳህኖች አንድ በአንድ ገዙ። የምስጋና በዓል ሲቃረብ ዊልዳ ታወጣቸዋለች። ልጇ ማርሊስ ትንፋሿን ውጣ አንድ በአንድ ታጥባቸዋለች፣ ታደርቃቸዋለች። ከዚያ ተመልሰው ይቆለፍባቸዋል፤ የበዓሉ የተርኪ ዶሮ ጥብስ በወረቀት ሳህን ይቀርባል።

«ኧረ የክቱን አውጪልን!» ይላል ሃርላን።

«ደህና ቀን ሲመጣ።»

ሃርላን ሞተ። ለቀብሩ የመጣውም ሰው በወረቀት ሳህን በላ።

አሁን ጉልበቷ ከዳት። ቤቱ ተሸጠ፤ የአረጋውያን ቤት አንዲት ክፍል ትጠብቃታለች። ማርሊስ ዕቃውን ልትሸጥላት መጣች። የማርሊስ የራሷ ጋራዥ በዕቃ ከመታጨቁ የተነሣ መኪናዋ ደጅ ታድራለች፤ ለተረፈው ደግሞ መጋዘን ተከራይታለች።

«ሳህኖቹን ግን ትወስጃለሽ» አለች ዊልዳ።

«እማዬ፣ ወርቅ ያለው ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባም። ማን በእጁ ያጥባል?»

«በዓመት አንዴ ብታጥቢ ትሞቻለሽ?»

«ሳጥብ አይደል እንዴ ያደግሁት! አጠብኩ፤ አልበላሁም።»

ቅዳሜ ዕለት የቤቱ ዕቃ ዋጋ ተለጥፎበት ደጅ ተደረደረ። አላፊ አግዳሚው የዊልዳን ድስት እየገለበጠ ያይ ጀመር። አንገቱን የተነቀሰ ወጣት መጥቶ የሳህኖቹን ካርቶን ሳይከራከር አነሣ። የዊልዳ ፊት በራ።

«ልታገባ ነው የኔ ልጅ?»

«ኧረ እማማ! ለሥራ ነው።»

«ምግብ ቤት አለህ?»

«መስበሪያ ቤት ነው ያለኝ። የተናደደ ሰው ከፍሎ ይገባል፤ የራስ ቁር እናደርግለታለን፤ ግድግዳው ላይ ሲያደቅቅ ውሎ ቀለል ብሎት ይሄዳል። የድሮ ሸክላ ደግሞ ድምፁ ልዩ ነው!»

«አትቀልድ።»

«እውነቴን ነው!»

«ሰው እቤቱ የሚሰብረው ዕቃ አጥቶ ነው?»

«እቤቱ ያለው ሁሉ ፕላስቲክ ነዋ፤ ቢወረውሩት አይሰበር።»

ዊልዳ ልጇን አየቻት። አንድ ቃል፣ «ተው፣ አይሸጥም» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ጠበቀች።

«ምን አለበት እማዬ?» አለች ማርሊስ። «ቢያንስ የሚጠቀምበት ሰው ተገኘ።» የሾርባ ጎድጓዳውንም መረቀችለት።

ዊልዳ እጇን ካርቶኑ ውስጥ ከትታ አንድ ሳህን አወጣች። «ይቺ ትቀራለች።»

«ሙሉ ነው ብለውኝ አልነበር?» አለ ወጣቱ።

«አሁን ጎደለ።»

ዕቃው ተሸጦ ሲያልቅ ማርሊስ በወረቀት የተጠቀለለ በርገር ገዝታ መጣች። ዊልዳ የራሷን ፈትታ ሳህኗ ላይ አደረገች። «ነይ አብረን እንብላ። በዚቹ።»

ማርሊስ ስልኳን አየት አደረገች። «መንገድ እንዳይዘጋብኝ፣ እየነዳሁ እበላለሁ። ነገ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ እሺ እማዬ?»

የመኪናው ድምፅ ራቀ። ዊልዳ ከሶፋው በቀር ባዶ በሆነው የእንግዳ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ በላች። ቀስ ብላ፣ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው እያላመጠች። በርገሩ በርገር በርገር አለ፤ በወረቀት ሳህን ቢበላ ከሚኖረው ጣዕም ቅንጣት አልጨመረም። ላም አለኝ በሰማይ ስትል ኖራ፣ ወተቱን ዛሬ ቀመሰችው።

ሳህኑን አላጠበችውም። ከነቅባቱ ወለሉ ላይ ተወችው። ገዢው ሰኞ የሚወስደው ሶፋ ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ጋደም አለች። ፀሐዩ ፊቷ ላይ እያረፈ፣ የጎረቤት ልጆች ደጅ እየተንጫጩ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።